ባለሣጥኑ የደበቃቸው ሦስት ደብዳቤዎች

አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ገበያ ዳር ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሰው ነው። እህቴ፣ የእሱን ነገር የምጽፍልሽ ትናንት ከፖስታ ቤቱ ሥልጠና ስትመለሺ፣ ገና ጫማሽን ሳታወልቂ፣ «ለአንድ ወረቀት ሰው ይታሰራል ወይ? አሠልጣኙ ሲያስፈራራን ሳቄ መጣ» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። ያን ጊዜ ልጄ አለቀሰብኝና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። መልሱ ይኸውልሽ።

ዘመኑ ስልክ በየሰዉ ኪስ ያልገባበት ነው። በዚያች ከተማ ደብዳቤ ቤት ለቤት አይታደልም። በፖስታ ቤቱ በረንዳ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ትንንሽ የብረት ሣጥኖች አሉ። ሣጥን የተከራየ ሰው በቁልፉ ከፍቶ የመጣለትን ይወስዳል፤ ያልተከራየ ደግሞ የሌላ ሰው ሣጥን ይጠጋል። ይህ ባለሱቅ ለሥራው ብሎ አንድ ሣጥን ተከራይቶ ነበርና፣ ከከተማዋ በላይ ያለው የተራራው አገር ሰው በሙሉ በእሱ ሣጥን ተጠጋ። ፖስታው ላይ መጀመሪያ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ ከሥሩ የእሱ ስም፣ «በኩል» የሚል ቃልና የሣጥኑ ቁጥር ይከተላል። ሰዉም እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ «ባለሣጥኑ» ይለው ጀመር።

ክፉ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የተራራው ሰው ለገበያ ሲወርድ፣ ከሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ያወጣና የሳምንቱን ደብዳቤዎች ይዞ ስም ይጠራል። ማንበብ ለማይችል ያነብለታል፤ መልስ መላክ ለሚፈልግም እዚያው ይጽፍለታል። ሲያነብ ደግሞ ላኪው ራሱ መጥቶ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። የወታደሩን ደብዳቤ ጎርነን፣ የሙሽራዪቱን ለስለስ አድርጎ ነው የሚያነበው። ደብዳቤ የማይመጣለት ሰው እንኳ ለመስማት ብሎ ይቀመጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬም የኔ የለም?» ይለዋል አንዱ ገበሬ።

«አንተ ጎረቤትህን ሁሉ ተጣልተህ ማን ይጻፍልህ? በሬህ ፊደል እስኪቆጥር ጠብቅ።»

«በሬዬማ ቢጽፍ ለዳኛ ነው የሚጽፈው፤ የጀርባውን አለንጋ ቆጥሮ።»

ሰዉ ይስቃል፣ ባለሣጥኑም ይስቃል። ለእሱ ለራሱ ግን ከጅምላ ነጋዴዎችና ከገቢ ግብር ቢሮ በቀር የጻፈለት ሰው አልነበረም።

ከሚያነብላቸው ሰዎች መካከል አንዲት ጌሾ ሻጭ መበለት ነበረች። አንድ ልጇ ወደ ቆላ ወርዶ መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ይነዳል። የልጁ ደብዳቤ ማንንም አይረሳም። ቀንዱ የተሰበረውን በሬ ይጠይቃል፤ የታችኛው እርከን ውኃ ያዘ ወይ ይላል፤ የጎረቤቷ ውሻ አሁንም ቄሱን ይጮህባቸዋል ወይ ይላል። አንድ ቀን እናቲቱ መልስ ስታስጽፍ «ጋሼ ጉንፋን ይዟቸው እያሳሉ ነው የሚጽፉልኝ» አለችና፣ ባለሣጥኑ እየሳቀ ያንንም ጻፈው። ከወር በኋላ የመጣው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «ይህን ለሚያነቡልሽ ለጋሼ ባለሣጥኑ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ። ጉንፋናቸው ተሻላቸው ወይ?» የሚል ነበረበት።

ባለሣጥኑ ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ጉንፋኑን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የዚያ ልጅ ደብዳቤ ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ እስከ ቅዳሜ መቆየት አቃተው። ሱቁ ውስጥ ሻይ ያፈላ ነበርና፣ የፖስታውን ከንፈር በማንቆርቆሪያው እንፋሎት አስለቅቆ ያነበዋል፤ አንብቦ በዱቄት ሙጫ መልሶ ያሽገዋል። ለራሱም «አስቀድሜ ካየሁት ሳልደናቀፍ አነብላታለሁ፤ ለእሷው ጥቅም ነው» ይላል። ቅዳሜ ሲደርስ እናቲቱ ፊት እንደ አዲስ ይቀደዋል። ማንም አላወቀም። ማንም ባለማወቁ ጥፋት መሆኑን እሱም ረሳው።

በሰኔ ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። «እናቴ ሆይ፣ ከነማድ ቤቱ ቤት ተሰጥቶኛል። ሚስቴ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ብቻሽን ጌሾ ተሸክመሽ ያን ዳገት መውጣትሽ ይብቃ። ከእኛ ጋር ኑሪ። እሺ ካልሽ ጻፊልኝና መስቀል ሲያልፍ መጥቼ እወስድሻለሁ» ይላል።

ባለሣጥኑ ይህን ቆሞ አነበበው፣ ቀጥሎ ተቀምጦ አነበበው። እናቲቱ ከሄደች ደብዳቤ የሚጻፍላት ሰው በዚያ ተራራ አይኖርም። ቅዳሜ የሚያነበው፣ ጉንፋንዎ እንዴት ሆነ የሚለው አይኖርም። ደብዳቤውን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠና «አንድ ሳምንት ብቻ» አለ።

ቅዳሜ መጣች። «ጋሼ፣ የኔስ?»

«የለም፣ እቱ። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ይሆናል።»

ይኸው ነው። እጁን ሰው ቤት አልሰደደም፤ ቁልፍ አልሰበረም። «የለም» አለ፤ ስርቆቱም ያን ጊዜ ተፈጸመ።

በነሐሴ ሁለተኛው መጣ። «ወንድ ልጅ ተወልዶልናል። የክርስትና ስሙን ቄሱ በአርባ ቀኑ አወጡለት። መጠሪያ ስሙን ግን አንቺ ነሽ የምታወጪለት፤ የአባቴን የበኩር የልጅ ልጅ ያላንቺ ማን ይሰይመዋል? ቃልሽ እስኪመጣ ‹ልጁ› እያልን እንጠራዋለን» የሚል ነው። ባለሣጥኑ ይህን ሊሰጣት ፈልጎ ነበር። ግን ደብዳቤው «ቀደም ብዬ እንደጻፍኩልሽ» ብሎ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያውን ሳያወጣ ሁለተኛውን ማውጣት አይችልም። እሱንም ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረው።

በጥቅምት ሦስተኛው መጣ። አጭር ነበር። «እናቴ፣ ምን አስቀየምኩሽ?» ይላል። ባለሣጥኑ እሱንም ከሁለቱ ጋር አደረገው።

እናቲቱ በመጀመሪያ ከሁሉ ፊት ነበር የምትቆመው። ቀጥሎ ከኋላ ትቆም ጀመር። «እስቲ እኛ እንጻፍለት» ስትለው «አድራሻው የተለወጠ ይመስለኛል፤ ከእሱ ሳንሰማ ወዴት እንልካለን?» አላት። የገበያ ጓደኞቿ «የልጅሽን ደብዳቤ ግሬደሩ ዳጠው እንዴ?» ሲሏት አብራ ትስቅና ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች። ኋላ ስሟ እስኪጠራ መጠበቁንም ተወችው። ጌሾዋን ሸጣ፣ በሱቁ ደጅ ላለማለፍ በታችኛው መንገድ ዞራ ወደ ቤቷ ትወጣ ነበር። ልጄ ረሳኝ ብላ ለማንም አላወራችም። ግን ከሳች።

በጥር ልጇ አራተኛ ደብዳቤ ላከ፤ ይህኛው የአደራ ደብዳቤ ነው። አንቺ አሁን ተምረሽዋል፤ የአደራ ደብዳቤ ሣጥን ውስጥ አይገባም። ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው መጥሪያው ብቻ ነው፤ ደብዳቤውን ባለቤቱ ፈርሞ ወይም በአውራ ጣቱ አትሞ ይቀበላል፤ የተፈረመበትም ወረቀት ለላኪው ይመለሳል። ባለሣጥኑ መጥሪያውን ይዞ ወደ ፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ሄደ።

«እኔ ልፈርምላት» አላት።

«አይሆንም፣ ጋሼ። እርስዎ ‹በኩል› ነዎት። ባለቤቷ እሷ ናት።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስወስድላቸው አላየሽኝም?»

«አይቻለሁ። ይኼ ግን ጣቷን ነው የሚፈልገው።»

ሠራተኛዋ ቅዳሜ ጌሾ ልትገዛ ገበያ ስትወጣ እናቲቱን አገኘቻትና ነገረቻት። እናቲቱ ጌሾዋን ለጎረቤቷ ትታ ተከትላት ሄደች፤ ጣቷን አተመች፤ «እስቲ አንብቢልኝ» አለቻት። ደብዳቤው «ሦስት ጊዜ ጽፌልሽ ዝም አልሽ። በሕይወት ካለሽ ጣትሽን ልይ ብዬ በአደራ ላክሁ» ይላል።

«ሦስቱ አልደረሱኝም» አለች እናቲቱ።

ሠራተኛዋ «ሦስቱንም በገዛ እጄ ሣጥኑ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ፣ እናቴ» አለቻት።

አቤቱታው ተጻፈ፤ ፖሊስ መጣ። ከባንኮኒው ሥር የብስኩት ቆርቆሮው ተገኘ። ሦስቱ ደብዳቤዎች አንድም ሳይጨማደዱ በሟች ሚስቱ ሻሽ ተጠቅልለው ነበር። ባለሣጥኑ አልካደም።

ችሎት ፊት ግን ተከራከረ። «ሣጥኑን የምከራየው እኔ ነኝ፤ የገዛ ሣጥኔን በገዛ ቁልፌ ከፈትኩ። ፖስታውም ላይ ስሜ ተጽፏል። ሳንቲም አልነካሁባትም። ወረቀት ነው» አለ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ሣጥኑ የእርስዎ ነው፤ ቁልፉም የእርስዎ ነው» አሉት። «ስሟ የተጻፈበት ፖስታ ግን ልጇ አሽጎ ከላከው ጀምሮ የእሷ ነው። በእርስዎ በኩል ማለት በእርስዎ ያልፋል ማለት ነው፤ በእርስዎ ይቀራል ማለት አይደለም። የሌላ ሰው የታሸገ ደብዳቤ መክፈት ያስቀጣል። ከባለቤቱ መደበቅም ያስቀጣል። ሰዉ አምኖዎት በአደራ የተቀበሉት መሆኑ ጥፋቱን ያከብድብዎታል እንጂ አያቀልልዎትም። ገንዘብ ወስደው ቢሆን ሌላ ክስ ይጨመርብዎት ነበር።»

ደብዳቤዎቹ ለማስረጃ እንዲነበቡ ታዘዘ። የችሎቱ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ጀመረ፤ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ዕቃ ዝርዝር። እናቲቱ ተነሥታ ቆመች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ነውር ካልሆነብኝ እሳቸው ያንብቡልኝ። የልጄን ድምፅ የለመድኩት በእሳቸው አፍ ነው።»

ዳኛዋ ትንሽ አሰቡና ፈቀዱ። ባለሣጥኑ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ቤት ተሰጥቶኛል የሚለውን አነበበላት። ወንድ ልጅ ተወልዶልናል የሚለውን አነበበላት። ‹ልጁ› እያልን እንጠራዋለን የሚለው ላይ ሲደርስ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያት። ልጁ ከተወለደ ሰባት ወር ሆኗል። የሰባት ወር ልጅ ስሙን ሲጠሩት የሚዞርበት ጊዜ ነው። ያ ልጅ የሚዞርበት ስም አልነበረውም።

እናቲቱ ከቆመችበት «ታገሠ በሉት» አለች።

ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ወደ ዳኛዋ ዞረ። «ይጻፍ?» አለ።

«ጻፈው» አሉ ዳኛዋ።

ችሎቱ ለከሰዓት ሲቋረጥ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ባለሣጥኑ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ዋርካ ሥር ከተቀመጠችው እናት ፊት ቀረበ። እሷም ብዙ አላስለመነችም። ተነሥታ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደችለት፤ ጉንጩን ሳመችው፤ «ይቅር ብያለሁ» አለችው። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው።

«እንግዲህ ክሱን ታነሻለሽ» አሏት።

«አላነሣም።»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ አሁን ይቅር አላልሽም?»

«ብያለሁ። ይቅርታው የኔ ነበር፤ ሰጠኋቸው። አባቶቼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህ ሁሉ ቅዳሜ የሚወርደው ሰው አልቆጠረም። ነገም የምንሰማው በሰው አፍ ነው። ይኼ በድንጋይ ካለፈ ከነገ ወዲያ ‹የለም› የሚለኝን ሰው በምን ልመነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ መሬት መሬት እያየ «እውነቷን ነው» አለ። የእሱም ልጅ ደብዳቤ የሚልክለት ወታደር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተፈረደበት። ለአሥራ ሁለት ዓመት ሰዉን ማገልገሉ፣ ጥፋቱን ማመኑና መታረቁ ቅጣቱን አቀለሉለትና አራት ወር ቀላል እስራት ሆነ። የሣጥኑን ቁልፍ ለፖስታ ቤቱ እንዲመልስ ተደረገ። እናቲቱ እስከ መኪናው ድረስ ካፖርቱን ይዛ ተከተለችው። «እዚያ ይበርዳል አሉ፣ ይልበሱ» አለችው።

ብዙም ሳይቆይ ልጇ መጥቶ ወደ ቆላ ወሰዳት።

በግንቦት ላይ፣ ባለሣጥኑ የማረሚያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ፣ አንድ ጠባቂ ከአጥሩ ማዶ እየሳቀ ጠራው። ደግ ልጅ ነበር።

«ጋሼ ባለሣጥኑ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ታገሠ ቆሟል አሉ። ግድግዳ ይዞ ነው ግን። ጉንፋንዎም ተሻለዎት ወይ ብለዋል» አለና ከቆላ የመጣ ፖስታ አቀበለው።

የእስረኛ ደብዳቤ ተከፍቶ፣ ታይቶ ነው የሚገባው፤ ያም ደንብ ነው። ባለሣጥኑ ፖስታውን አገላብጦ አየው። ከንፈሩ ተቀድዷል። ላዩ ላይ የእሱ ስም ብቻውን ተጽፏል፤ «በኩል» የሚል የለበትም። በዕድሜው ሙሉ ሰው ናፍቆት የጻፈለት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ውስጡ ያለውን ደስታ ግን ሌላ ሰው ቀድሞ አይቶታል፤ ቀድሞ ስቆበታል፤ ለእሱ የደረሰው የተነገረ ወሬ ነው። ለምሳ እስኪጠሩ ድረስ ወረቀቱን ሳያወጣ ፖስታውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ወደ ምሳው ሲሄድ በጠባቂው በኩል አለፈ።

«ልጄ» አለው፣ «ሌላ ቢመጣልኝ ክፈተው፤ ደንብህ ነው። ግን አትንገረኝ።»

እንግዲህ እህቴ፣ ላልሽኝ ነገር መልሱ አዎ ነው፤ ይታሰራል። የታሰረው ወረቀት ስለወሰደ ብቻ መስሎ እንዳይታይሽ። አንዲት እናት ሰባት ወር ልጄ ረሳኝ ብላ ከርማለች፤ አንድ ልጅ ሰባት ወር ያለ ስም ኖሯል። አሠልጣኝሽ ያነበበላችሁ አንቀጽ ይህን ሁሉ በሁለት መስመር ሊያስገባ ሲሞክር ነው እንደዚያ የደረቀብሽ።

ባለሣጥኑ አንቺ ነሽ። ከሰኞ ጀምሮ ከእነዚያ ሣጥኖች ጀርባ ትቆሚያለሽ፤ የከተማው ፖስታ ሁሉ በእጅሽ ያልፋል። ስለ ክፉ ሌባ ብነግርሽ «እኔ እንደዚያ አይደለሁም» ብለሽ ትስቂ ነበር፤ እውነትሽንም ነው። ስለዚህ የሰው ነገር ስለሚወድ ሰው ነገርኩሽ። አንቺም ትወጃለሽ። ገና በልጅነትሽ ከጎረቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ውኃ ይዘሽ የምትሮጪው የመጣበትን ለመስማት ነበር፤ እኔም ስለዚህ ነው የምወድሽ። የማታውቂውን ሰው ደብዳቤ ማሳለፍ አይከብድሽም። የሚከብድሽ የምታውቂያት ሴት ፊቷ ጠቁሮ ስትጠብቅ ሰንብታ፣ ፖስታዋ እጅሽ ሲገባ፣ ደህና ነገር ይሁን ብለሽ ስትጨነቂላት ነው። ያን ጊዜ የባለሣጥኑ ማንቆርቆሪያ አጠገብሽ ይፈላል።

ተጨነቂላት፤ አይከፋም። ግን የታሸገውን እንደታሸገ ስጫትና፣ እሷ ስትከፍተው ፊትሽን ወደ ሌላ አዙሪ።